ለቅሶ በመድረሷ ከተግባቦት ትምህርት ዜሮ ስላገኘችው ተማሪ

ለተከበሩ አቶ ፍቅረ ሥላሴ፣
የኮሌጁ የኦንላይን ትምህርት ማስተባበሪያ ክፍል ኃላፊ፣
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ መብራት ቢመጣም ቢሄድም፣ ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም የማይቋረጠው የአክብሮት ሰላምታዬ ከደጅዎ ይድረስ። ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? ዓይንዎን ከስክሪን ብርሃን፣ ወገብዎን ከወንበር፣ አውራ ጣትዎን ከመዛል ይጠብቅልን። እኔ፣ ምስጋና ለአምላክ ይሁንና፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበትም በኦንላይን የሚታከም ቢሆን ኖሮ ከማንም በፊት ለእርስዎ ባመለከትሁ ነበር።

ይህን የምጽፍልዎ በሞጣ ከተማ አማርኛና ግዕዝ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተቀመጥሁ ሽማግሌ ነኝ። የምጽፍልዎም ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ መምህርት ፈንታነሽ ነው። ፈንታነሽ በልጅነቷ እኔ ፊደል ያስቆጠርኋት፣ ዛሬ ደግሞ ከሞጣ ወዲያ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ የገበሬ ልጆችን ፊደል የምታስቆጥር፣ ከሥራዋ ጎን ለጎን ከኮሌጅዎ ለዲግሪ የምትማር ሴት ናት። ቀበሌዋ ኔትወርክ ስለሌለው በዕረፍት ቀን እኔ ቤት እየመጣች በልጄ በጸደንያ ላፕቶፕ ትማራለች፤ እኔም ከኋላዋ ከመደቡ ላይ ተቀምጬ፣ መጽሐፍ የማነብ እየመሰልሁ፣ ትምህርታችሁን ሁሉ ስሰማ ከርሜአለሁ። እንዲህ ያለው ትምህርት አስተማሪን ከተማሪዎቿ ሳይነጥል እስከ ገጠር መድረሱ መልካም ነገር እንደሆነ ከልቤ እመሰክራለሁ። ይህችን ምስጋና ያለ በርበሬ ይቀበሉኝ፤ ከዚህ በታች ላሉት ግን ተመሳሳይ ዋስትና መስጠት አልችልም።

አንደኛ፤ «በኮምፒውተር አማካይነት የሚደረግ ተግባቦት» በተባለው ትምህርት፣ ማንኛውም ተማሪ በየሳምንቱ በውይይት ገጹ ላይ አንድ የራሱን ሐሳብ እንዲጽፍ፣ ለሁለት ጓደኞቹም መልስ እንዲሰጥ፣ ይህን ያላደረገም ለማጠቃለያ ፈተና እንዳይቀመጥ ስለደነገጉ አመሰግንዎታለሁ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረበት ሳምንት የውይይት ርእስ፣ ቃል በቃል፣ «ተራርቀው የሚማሩ ተማሪዎች እርስ በርስ ቅርበት እንዲሰማቸው ምን መደረግ አለበት?» የሚል ነበር። ርእሱን የመረጠው ሰው እጁ ይባረክ፤ እንዲህ በቶሎ ፈተና ሆኖ ይመጣል ብሎ ግን አላሰበም ይሆናል።

ሁለተኛ፤ በዚያው ሳምንት ከክፍሉ ተማሪዎች አንዱ የሆነው መምህር ስጦታው፣ ከጉንደ ወይን፣ «ወገኖቼ፣ አባቴ ዛሬ ጧት አረፈብኝ፤ በዚህ ሳምንት መጻፍ አልችልም» የሚል መልእክት በገጹ ላይ አኖረ። ልጆቹ ሲስተም የሚሉት፣ እኔ ግን ሥጋ የለበሰ ይሁን ረቂቅ መንፈስ እስከ ዛሬ ያልገባኝ የኮሌጅዎ አገልጋይ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ደርሶ «እንኳን ደስ ያለዎ! የሳምንቱን ውይይት የከፈቱት እርስዎ ነዎት!» ሲል መለሰለት፤ ርችት የሚተኩስ ሥዕልም ጨመረበት። አባቱ የሞተበት ሰው በዚያች ሰዓት ምን እንደሚያስፈልገው ለሚያውቀው ለዚህ አገልጋይ ጥልቅ አድናቆቴን እባክዎን ያድርሱልኝ።

ቀጥሎ የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ በዚያው ገጽ ላይ ማጽናናት ጀመሩ። የኔሰው የሚባለው ቅን ልጅ «ነፍስ ይማር» ብሎ ከጻፈ በኋላ፣ ሌሎቹ በጻፉት «ነፍስ ይማር» ሥር ሁሉ፣ አንድም ሳይዘል፣ «አሜን» እያለ ወረደ፤ በዚህም «የሳምንቱ ምርጥ ተሳታፊ» ተብሎ ስሙ ከነፎቶግራፉ ከገጹ አናት ላይ ተሰቀለ። ልጁ ደንግጦ «ኧረ በማርያም፣ አንሡልኝ!» ብሎ ቢጽፍ፣ ይህም ልመናው እንደ ተጨማሪ ተሳትፎ ተቆጠረለት። ምላሷ እሳት የሆነችው ወይንእሸት ደግሞ «የኔው ሻምፒዮን፣ በሚመጣው ሳምንትስ ማንን ልትቀብርልን ነው?» ብትለው፣ እሷም ሙሉ ነጥብ አገኘች።

ሦስተኛ፤ ፈንታነሽስ ምን አደረገች? መልእክቱን እኔ ፊት አነበበች። «አንቺም ጻፊለት እንጂ» ብላት፣ «የኔታ፣ ሰው አባቱን አጥቶ በኮምፒውተር ይጻፍለታል እንዴ?» አለችኝ፤ ላፕቶፑን አጠፈች፣ ነጠላዋን ዘቀዘቀች፣ ጸደንያ እያገዘቻት እዝን አዘጋጀች፣ በማግስቱም ጭነትና ሰው በተደባለቀበት መኪና፣ እርስዎም ሳያውቁት በማይቀሩት በዚያ አጥንት በሚያላቅቅ መንገድ፣ ጉንደ ወይን ገባች። እስከ ሣልስት ተቀመጠች። ከስጦታው እናት ጎን ተኛች፣ ለለቀስተኛ ውኃ ቀዳች፣ ሰው ጋብ ሲልም ድንኳኑ ጥግ መምህር ስጦታውን አስቀምጣ፣ ሐሳቡ ከሐዘኑ ጥቂት እንዲመለስለት፣ ያመለጠውን የሳምንቱን ትምህርት በቃሏ አስረዳችው። ለቅሶ የደረሱ የአካባቢው መምህራንም ጆሮ ጣል አድርገው ገቡበት፣ ተከራከሩ፣ አንዱም «ቅርበት ማለትማ ይኸው ነው» ብሎ ደመደመ። በእኔ ያረጀ አስተሳሰብ፣ በዚያ ሳምንት የኮሌጅዎ ውይይት በእውነት የተካሄደው በዚያ ድንኳን ውስጥ ብቻ ነበር። የእኔ አስተሳሰብ ግን፣ እንደ ጉልበቴ ሁሉ፣ የዘመኑን ዳገት አይወጣም።

ተመልሳ ላፕቶፑን ስትከፍት ሲስተሙ እንዲህ ሲል ጠበቃት፤ «ተሳትፎ፦ ዜሮ። ራስዎን ከክፍል ጓደኞችዎ አግልለዋል። ከሰው ጋር መገናኘትን ይለማመዱ።» ከዚህም ሥር በቀይ፣ ለማጠቃለያው ፈተና መቀመጥ እንደማትችል ተጽፎ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ይህ ማለት ከጥምቀት ማግስት በሚሰጠው ፈተና ካልተቀመጠች ያለፉት ዓመታት ልፋቷ በዲግሪ አይታሰርም፤ ትምህርት ቤቷም በተስፋ የሚጠብቃትን የርእሰ መምህርነት ቦታ ለሌላ ይሰጣል ማለት ነው። ስለ ሌላው ሁሉ ብቀልድ፣ ስለዚህ ስለ አንዱ አልቀልድም።

አራተኛ፤ አቤቱታዋን ይዛ እስከ ቢቸና፣ እስከ ቢሮዎ ደጃፍ በአካል መጥታ ነበር። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ታንጉት በክፍሉ ደንብ መሠረት ባለጉዳይ በአካል እንደማይስተናገድ፣ በኦንላይን ብቻ ማመልከት እንዳለባት በትሕትና ገለጹላት። ስለዚህ ልጅቱ ከበርዎ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ፣ ከበሩ ወዲያ ለተቀመጡት ለእርስዎ፣ በስልኳ ጻፈች፤ የጻፈችው ሲደርስዎ የስልክዎ ደወል በበሩ ቀዳዳ እየተሰማት። ወዲያውም «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል? ኮከብ ይስጡን» የሚል መልስ መጣላት። ግራ ተጋብታ ወደ ወይዘሮ ታንጉት ብትመለከት፣ እኒያ ደግ ሴት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እቴ፣ መልእክትሽ ገብቷል፤ እሳቸውም አይተውታል፤ አንቺ ግን እዚህ አልመጣሽም ነው የሚባለው» አሏት። የክፍልዎን አሠራር ከዚህ ባጠረና በጠራ አማርኛ ያስረዳ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ እባክዎን ደመወዛቸውን ያሻሽሉላቸው።

አምስተኛ፤ ኮከቡን ሰጥታችኋለች። ሁሉንም። ይሉኝታዋ አላስችል ብሏት ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ማሽኑ ይጣል፣ ኮምፒውተሩ ይሰበር የምል ሰው አይደለሁም፤ ጽሑፍም ራሱ በዘመኑ ሩቅ ያለውን ሰው ቅርብ ለማድረግ የተገኘ ጥበብ ነው፣ እኔም ዕድሜዬን የጨረስሁት እሱን ሳስተምር ነው። የምለምነው ማሽኑ ያላየውን፣ ኃላፊ ተብሎ የተሾመው ሰው እንዲያይ፣ ፈንታነሽንም ለፈተና እንዲያስቀምጣት ብቻ ነው። ይህ የማይቻል ቢሆን ግን፣ በመካከለኛ መፍትሔነት፣ በምሥራቅ ጎጃም በሚተከል በማናቸውም የለቅሶ ድንኳን ደጃፍ አንድ ኮምፒውተር እንዲቆምና ለቀስተኛው ሁሉ «ተገኝቻለሁ» የሚለውን እየተጫነ እንዲገባ፣ ዕድሮችም ቀሪን ከእንግዲህ በሲስተም እንዲቀጡ መመሪያ ቢያወጡልን፣ ከታዛዥነት ወደ ኋላ አንልም። ከዚያ በኋላ የቀብር ሥነ ሥርዓቱን የሚመሩት ካህናትም «የሳምንቱ ምርጥ ተሳታፊ» የመባል ዕድል ይኖራቸዋል፤ እስከ ዛሬ በዚህ በኩል የተበደሉ ናቸው።

ወንበርዎ የጸና፣ ባትሪዎ የሞላ፣ በርዎም አንዳንድ ጊዜ የሚከፈት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከሞጣ፣ ከመደቤ ላይ፣ ከተቀመጥሁበት ብድግ ብዬ እጅ በመንሣት (ኔትወርኩ ባያሳይዎም) እሰናበታለሁ።

ሁልጊዜ በታላቅ አክብሮት የሚያስብዎ፣
አካለ ወልድ፣ ጡረተኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለሲስተሙ፣ ማንበብ ከቻለ
ለወይዘሮ ታንጉት፣ በቃል

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ፈርሜ ሳልልከው፣ ያሳደጉዎት አክስትዎ ቢቸና ላይ ማረፋቸውን ሰማሁ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ይህን የምለው ያለ አንዳች ሽሙጥ ነው። በሲስተምዎ ገብቼ ላጽናናዎ ብሞክር የተማሪ መለያ ቁጥር ጠየቀኝ፤ ስለሌለኝ ተመለስሁ። የኔሰውና ጓደኞቹ ግን ጽፈውልዎታል፤ ነጥባቸውንም ሳያገኙ አልቀሩም። ፈንታነሽ አልጻፈችም። ጸደንያ «ደግሞ ለእሳቸው ልትሄጂ?» ብትላት፣ «የምሄደው ለቅሶ ነው እንጂ ቢሮ አይደለም» ብላ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ እዝኗን ተሸክማ፣ ዛሬ በመጀመሪያው መኪና ወደ ቢቸና ተነሥታለች። ድንኳን በር የለውምና በአካል ትስተናገዳለች ብዬ አምናለሁ። ፊትዎ ቆማ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ስትልዎም፣ ደንብ ነውና እንዳይዘነጉ፤ አልመጣችም ብለው ይመዝግቡልኝ።