መንገድ ላይ ስለተወለደችው ዳቦ ጋጋሪዬ

ሰቆጣ፣ ግንቦት 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ፋንታሁን
የሠራተኞች ሕጋዊነት ማጣሪያ ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ቀኑን ሙሉ ማኅተም ሲያነሣና ሲጥል ለሚውለው ቀኝ እጅዎ ጤና ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ ከገበያው በታች ያለችው ዳቦ ቤት ባለቤት ረሒማ ሐይደር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። ጽሑፌ ተንቀጥቅጦ ቢያዩት ያመመኝ እንዳይመስልዎ፤ እርስዎን ፈርቼ ነው። ጉዳዬን በግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም ቢሮዎ ገብቼ በቃሌ ልናገር ብል ምላሴ እንደሚተሳሰር ስለማውቅ ነው።

በመጋቢት ወር፣ ማንኛውም አሠሪ የሠራተኞቹን ማንነትና ሕጋዊነት አጣርቶ እንዲያስመዘግብ፣ ወረቀት የሌለውንም እስከ ግንቦት ሠላሳ ድረስ እንዲያሰናብት መመሪያ ስላወረዱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሊጥ ሳቦካ ኖሬ በስተርጅና መርማሪ ለመሆን በቅቻለሁ። ከዚህ ሹመቴ በኋላ የደረሰብኝን ግን፣ ትዕግሥትዎን ተማምኜ፣ በቁጥር ላቅርብልዎ።

1ኛ/ ሠራተኞቼ ሁለት ናቸው። ቢያዝን የአምደወርቅ ልጅ ነውና ከቀበሌው መሸኛ አምጥቶ ተገላገለ። ሁለተኛዋ ትርፌ ናት። እናቷ ሸጌ በሰባ ሰባቱ ድርቅ እህል ፍለጋ ወደ ኮረም ስትጓዝ፣ በሦስተኛው ቀን ከመንገድ ዳር ወለደቻት፤ ሌሎቹን ልጆቿን በዚያው ጉዞ ቀብራ ስለነበር ይህችን ትርፌ አለቻት። ኋላም ወደ ሰቆጣ መጥታ እኛ ቤት ተጠጋች፣ ከእናቴም ጋር እንደ እህት ኖራ የዛሬ ስድስት ዓመት አረፈች። እንግዲህ በቅጽዎ ግርጌ ሐሰት የሞላ አሠሪ በሕግ እንደሚጠየቅ ስለተጻፈ፣ ፍርሃት ያዘኝና የትውልድ ቦታ በሚለው መስመር ላይ እውነቱን «መንገድ ላይ» ብዬ ሞላሁ። ስሙን የማልጠራው ጎረቤቴ ለአምስቱም ሠራተኞቹ «ሰቆጣ» ብሎ ሞልቶ በማግሥቱ ማኅተም ተመታለት፤ የእኔ ቅጽ ግን «መንገድ ቀበሌ አይደለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ተጽፎበት ተመለሰ። ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ጂኦግራፊ የሚያስተምረኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር።

2ኛ/ የቢሮዎ ሠራተኛ ከእናቷ አገር መሸኛ ታምጣ ብሎ ስላዘዘ፣ ትርፌ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ደሃና ወደሚገኘው የሸጌ መንደር ሄደች። የዚያው ቀበሌ ሊቀመንበር ደግ ሰው ናቸው አሉ፤ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አገላብጠው የሸጌ ዘመዶች በዚያ ዘመን አልቀው ወይም ተበትነው አንድም ስም እንዳልተረፈ አሳዩአት፤ ከዚያም በመዝገብ ያልያዙትን ሰው መሸኘት እንደማይችሉ በትሕትና አስረድተው ስንቅ ሰጥተው መለሷት። እግሯ አብጦ ገባች፤ ተቀመጪ ብላት እምቢ ብላ በቀጥታ ወደ ማቡኪያው ሄደች። ያን ቀን ዳቦው ጨው አልነበረውም። ደንበኞቼ አጉረመረሙ።

3ኛ/ ተቆጣጣሪዎችዎ በሳምንት ሁለቴ ስለሚጎበኙን ክብር ይሰማኛል። በመጡ ቁጥር ትርፌ ከዱቄቱ ጆንያ ኋላ ገብታ ትንፋሿን ውጣ ትቆያለች፤ ስትወጣ ፀጉሯም ቅንድቧም ነጭ ሆኖ ቢያዝን ይስቅባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። አሁን በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጣለን፤ ትናንት ያስደነገጠን ወተት ሻጭዋ ነበረች። እውነቱን ልናገርና፣ አንድ ቀን ለንግድ ፈቃዴ ሰግቼ፣ ቀኑ ሳይደርስ በገዛ እጄ ላሰናብታት አስቤ ነበር። ጡት ስትጠባ ያዘልኋትን ልጅ! ይህን ሐሳብ ልቤ ውስጥ ያስገባው መመሪያዎ ነውና ድርሻዎን እንዲወስዱ በአክብሮት እለምናለሁ።

4ኛ/ ወረቀት ከሌላት «ወደ መጣችበት እንድትመለስ» ተብሎ ተጽፎላታል። የመጣችው ከመንገድ ነው፣ አቶ ፋንታሁን። መንገድ ላይ ደግሞ የሚጠብቃት አለ፤ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ደላላ የትም ተወለጂ አረብ አገር እልክሻለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ አነጋግሯታል። ከእርስዎም ከተቆጣጣሪዎችዎም ይልቅ የምፈራው እሱን ነው፤ ባለፈው ዓመት የሄዱ የሠፈራችን ልጆች እናቶች እስካሁን ስልክ ቤት ተቀምጠው ይውላሉ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያች መስመር ላይ «ሰቆጣ» ብለው በእጅዎ ይጻፉልኝ። ቤቴን አስይዤ ዋስ እሆናታለሁ፤ ሐሰት ነው ከተባለም የምታሰረው እኔ ልሁን። ሁለት ቀን ቀርቶናልና እባክዎ ፈጥነው ይመልሱልኝ።

ሕግ አክባሪነትዎ ሳይጎድል፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ የማኅተምዎ ቀለም ሳይደርቅ እንዲያኖርዎ እየተመኘሁ፣ በፍርሃትና በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

የሾሙኝ መርማሪ
ረሒማ ሐይደር

ከደብዳቤው በኋላ የተላከ ማስታወሻ፦ ዛሬ ግንቦት ሠላሳ ነው። ደብዳቤው ከደረሰዎ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ መልስዎ አልመጣም፤ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። ትርፌ ዛሬ ጠዋት በወልድያው አውቶቡስ ሄዳለች። እኔ እንዳልታሰርባት ብላ የአዲሱን መታወቂያዋን ፎቶ ኮፒ በቢያዝን እጅ ትታልኛለች። ደላላው በአንድ ቀን ያወጣላት ሲሆን፣ አምደወርቅ በ1970 ዓ.ም. እንደተወለደች ይገልጻል፤ ማኅተሙም ጥርት ያለ ነው። ወደ የትኛው አረብ አገር እንደሚወስዳት ግን አልነገራትም። ኮፒውን ለፋይልዎ አያይዤ ልኬያለሁ። ወረቀቷ ሁሉ ተሟልቷል፤ የጎደለችው እሷ ብቻ ናት።