በአንተ ስም ስነግድ

ገንዳ ውሃ
የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለደሴ፣

«ለምወድህና ለምናፍቅህ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። ጤናህንም አልጠይቅህም። ፎቶህን አይቼዋለሁ፣ ወፍረሃል። ሸሚዝህም አዲስ ነው። ፖርት ሱዳን ተስማምቶሃል ማለት ነው። እኛ እዚህ ጥይት በልቶት ይሆን፣ በረሃ ላይ ቀርቶ ይሆን እያልን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው።

በወረቀት የምጽፍልህ ወድጄ አይደለም። በስልክ እንዳልጽፍልህ ዘግተኸኛል። ዑበይዳ፣ ያ ሽቶና ሳሙና የሚያመላልሰው ሱዳናዊ ነጋዴ፣ ወደ እናንተ ከተማ የሚሄድ ሹፌር ዘመድ ስላለው በእጅህ እንዲሰጥልኝ ለምኜዋለሁ። አንብበህ ስትጨርስ ከፈለግህ ደብዳቤውንም ሪፖርት አድርገው። እሱን ለምደኸዋል።

ያደረግከውን ሳታውቅ አድርገኸው ከሆነ እንድታውቀው፣ አውቀህ ከሆነ ደግሞ እኔም ማወቄን እንድትሰማ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሱዳን ገዳሪፍ ሄጄ ትራክተር ልጠግን ብለህ በመጋቢት ወጣህ። ብዙም ሳይቆይ የዚያ አገር ጦርነት ጀመረ። አንድ ሁለቴ ደወልክ፣ ከዚያ ድምፅህ ጠፋ። እዚህም ሰላም አልነበረም፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ኢንተርኔቱም ጠፍቶ ከረመ። ሲመለስ አሮጌ ስልክህን ብከፍተው የስልክ ገበያው አካውንትህ እንዳለ አገኘሁት። «ደሴ መካኒክ» የሚለው፣ ትራክተር ተደግፈህ የተነሳህበት ፎቶ ያለው። እዚህ አገር ያንን ፎቶ የማያውቅ፣ ያንን ስም የማያምን የለም። በቤቱ የሚበላ አልነበረም። ልጅ የለንም እንጂ እናትህ እማማ የዓለምወርቅ አሉ፤ ከኔ ሌላ የት ይሂዱ? ስለዚህ በአንተ አካውንት መነገድ ጀመርኩ።

የሰሊጥ አጨዳ ሲያልቅ የጎጃምና የወሎ ልጆች ከሽንፋ እርሻ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ብርድ ልብሳቸውን፣ ድስታቸውን፣ ሬዲዮናቸውን ተሸክመው ጎንደርን ማለፍ አይፈልጉም። መናኸሪያ ቆሜ እገዛቸዋለሁ። መምህሩ ሲዛወር ቁም ሳጥኑን፣ ነርሷ ስታገባ የላጤነት ምድጃዋን ለእኔ ሸጠውልኝ ይሄዳሉ። አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ፎቶ አንስቼ በስልክ ገበያው ላይ አወጣዋለሁ። በአንተ ስም ለምን አትለኝም? ሻጩ ሴት መሆኗን ሲያውቁ ዋጋውን በግማሽ ያወርዱታል። ደሴ መካኒክ «የመጨረሻው ዋጋ ይኸ ነው» ሲል ግን ሳይከራከሩ ይገዛሉ። «ሰላም ነው ደሴ፣ አለህ?» ይሉኛል። «አለሁ» እላቸዋለሁ። ስንቱን ሰው አለሁ እንዳልኩልህ!

እናትህ ጠዋት ጠዋት «ስልኩን አምጪው እስኪ» ይሉኛል። ፎቶህን ያያሉ። ዛሬ ይሄን ያህል ሰው ደሴ ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀ ስላቸው «ምን አልሻቸው?» ይላሉ። ደህና ነው አልኳቸው ስል ፊታቸው ይፈታል። እንደዚህ አድርገን ነው የከረምነው።

ገበያው ግን የዋዛ አይደለም። መናኸሪያው ፊት ለፊት ስልክ የምትጠግነውን ሰርክአዲስን ታስታውሳታለህ፤ እሷ ናት ያስተማረችኝ። አንዱን ፎቶ በአንዴ በየግሩፑ አትበትኚ፣ ገበያው ራሱ ሰው ሳይሆን ማሽን ነሽ ብሎ ይዘጋሻል። ስልክ ቁጥርሽን ፎቶው ላይ አትጻፊ። የሌላ ሰው ፎቶ ወስደሽ የኔ ዕቃ ነው አትበይ። አንድ ጊዜ የአጫጆቹን ማጭድ ባወጣ የጦር መሣሪያ ትሸጫለሽ ተብዬ ታገድኩ። የሰሊጥ ማጭድ! ሰርክአዲስ ሆዷን ይዛ እየሳቀች አቤቱታ ጻፈችልኝና ተለቀቅኩ። ከዚያ ወዲህ የሽንኩርት ቢላ እንኳ አውጥቼ አላውቅም።

«ይኸ ሁሉ ቀላል ነው» ትለኝ ነበር። «የሚያስፈራኝ በሰው ስም መነገድሽ ነው። አንድ ቀን ፊትሽን አሳዪ ይልሻል። የማንን ፊት ልታሳዪው ነው?»

አልሰማኋትም። በባሌ ስም መነገድ በሰው ስም መነገድ አልመሰለኝም።

አሁን ወደ አልጋው ልምጣ። ያን ሱዳኖቹ አንገረብ የሚሉትን የገመድ አልጋ ማለቴ ነው፣ አንተ ራስህ ገመዱን የወጠርከውን፣ ሙቀት ሲመጣ ግቢ አውጥተን የምንተኛበትን። ዓምና እሱንም ፎቶ አንስቼ አወጣሁት። ሰው ተረባረበበት፤ እንደዚያ ያለ የገመድ አወጣጠር ዛሬ የሚችል የለም። ለሁሉም «ተሸጧል» አልኳቸው። ሳምንት ቆይቼ መልሼ አወጣሁት። ጠየቁኝ፣ ተሸጧል አልኩ። ሰርክአዲስ ደርሳበት ተቆጣችኝ። የማትሸጪውን ዕቃ እያሳየሽ ሰው ካመላለስሽ አጭበርባሪ ነሽ ብለው ያዘጉሻል አለችኝ። ታዲያ ለምን ታወጪዋለሽ ስትለኝ፣ ገበያ ይስብልኛል አልኳት። ገበያ ለመሳብ እንዳልነበረ አንተ ታውቃለህ። የትም ብትሆን ከዓይንህ ይግባ ብዬ ነበር። ገባልህ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አካውንቱ ተዘጋ። የተጻፈው እንግሊዝኛ ስለሆነ ስልኩን ይዤ ወደ ሰርክአዲስ ሮጥኩ፤ በዚያ አልጋ ምክንያት ነው ብዬ መንገዱን ሙሉ ራሴን ስረግም ነበር። አነበበችው። ደግማ አነበበችውና ቀና አለች።

«አይኑዬ፣ የአልጋው ጉዳይ አይደለም። ሌላ ሰው አስመስለሻል ነው የሚለው።»

«ማነው የከሰሰኝ? ያ በቁም ሳጥን ዋጋ የተጣላኝ ነጋዴ ነው አይደል?»

«ኧረ አይደለም። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ራሱ ነው። መታወቂያውን አሳይቷል።»

መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገርህ? ደስታ ነው። በርጩማዋ ላይ ቁጭ አልኩ። «አለ! ደሴ አለ!» ብዬ ስጮህ የባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰርክአዲስ ሻይ አዘዘችልኝ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ደስታዬ አለቀ። ስምህን በዓረብኛ ጽፋ ስትፈልግ ወዲያው አገኘችህ። አንተ፣ አዲሱ ሸሚዝህ፣ ከኋላህ የተደረደረ አሮጌ የትራክተር መለዋወጫ። ያገለገለ ዕቃ ነጋዴ ሆነሃል! እኔ እዚህ፣ አንተ እዚያ፣ አንድ ሥራ ላይ ነበርን።

ታዲያ ምን አድርጌው ከሰሰኝ አልኳት። አንድ ሰው በአንድ ፊት ሁለት አካውንት ሲኖረው ሁለቱንም ሊዘጉበት ይችላሉ፣ የራሱ እንዳይዘጋበት ያንቺን አዘጋ አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን ማየት አልፈለገችም።

ገባህ ደሴ? አንተ እንዳትታገድ ሚስትህን አስመሳይ አልካት። አላወቅኩም እንዳትለኝ። ዕቃዎቹ የተነሱበትን ግድግዳ አንተ ነህ የቀባኸው። አልጋውን አንተ ነህ የሠራኸው። ከዚያ አካውንት ጀርባ ማን እንዳለች ልቦናህ እያወቀ ነው ሪፖርቱን የተጫንከው። መደወልም እኮ መጫን ነው! በዚያችው ስልክ፣ በዚያችው ጣት። ሌላ ሴት ይዘህ ከሆነ ያዝ፣ ይከፋኛል እንጂ ይገባኛል፤ ጦርነት ነው፣ ብቸኝነት ነው። ያልገባኝ፣ ይህች ሴት እኔን መስላ ሰው ታጭበረብራለች ብለህ ለማታውቀው ማሽን ስትናገር እጅህ እንዴት እሺ እንዳለህ ነው። እኔ ላንተ አለሁ ስል ኖርኩ፤ አንተ እኔን አላውቃትም አልክ።

እናትህን ምን ልበላቸው? ስልኩን አምጪው ሲሉኝ ተበላሽቷል አልኳቸው። በማግስቱም ተበላሽቷል። በኋላ «ልጄ ሞቶ ደብቃችሁኝ ነው» ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲቀመጡ አላስቻለኝም፤ ከሰርክአዲስ ስልክ አዲሱን ፎቶህን አምጥቼ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ አገላብጠው አዩህ።

«ወፍሯል! ተመስገን አምላኬ፣ የሚያበላው አላጣም» አሉ።

የከሰስከኝን ነገርኳቸው፤ እየጮህኩ ነው የነገርኳቸው። ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። «እስኪ ደግመሽ አሳዪኝ፣ ፊቱ ቀላ አላለም?» አሉኝ። ስልኩን ጭናቸው ላይ ትቼላቸው ወጣሁና ግቢው መሐል ቆሜ አለቀስኩ። በሳቸው ልናደድ አልችልም፤ ያም ንዴት ባንተ ላይ ተጨመረ።

አሁን በራሴ ስም ከፍቻለሁ፣ አይናዲስ ይርዳው ብዬ። ፊትሽን አሳዪ አለኝ፤ ሻሼን አስተካክዬ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዞርኩለት፣ ተቀበለኝ። ደንበኛው ግን አልተቀበለኝም። ያ ሁሉ ምስጋና፣ ያ ሁሉ «እውነተኛ ሻጭ ነው» የሚል ቃል የተጻፈው በአንተ ስም ነው፤ አብሮ ተዘግቷል። አንዱማ «ደሴ የት ገባ? እሱ ጨዋ ሰው ነበር» ብሎ ጻፈልኝ። ጨዋው እኔ ነኝ! ብዬ ልመልስለት ነበር፤ ማን ያምነኛል? ማቀዝቀዣውን በግማሽ ዋጋ ስጪኝ ብሎ ሲከራከረኝ ዋለ። እንዲህ ከቀጠለ ለመጪው አጨዳ ዕቃ መግዣ አይኖረኝም፣ ከእናትህ ጋር ጾም ማደራችን ነው።

ብር ላክ አላልኩህም። ክስህን አንሳ። ሰርክአዲስ እንደምትችል ነግራኛለች። «ሚስቴ ናት፣ አስመሳይ አይደለችም» ብለህ ጻፍላቸው። አካውንቱን ለዘላለም አልፈልገውም፤ ደንበኞቹን ወደ ራሴ ስም እስካዞር ብቻ ነው፣ ከዚያ በገዛ እጄ እዘጋልሃለሁ። ያቺን አንዲት ቃል ግን ጻፋት። ለእናትህም ደውልላቸው፤ ቁጥሩ ያው ነው፣ አንድም ቀን አልቀየርኩትም።

እናትህ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ ብለውኛል፦ «እግርህን እንቅፋት አያግኘው፣ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ፣ ዓይንህን ሳላይ አይውሰደኝ።» ምርቃቱ የሳቸው ነው። እኔ ንዴቴን ሳልጨርስ ለመመረቅ አልደረስኩም። ለማንኛውም አሜን በል።

አስመሳይዋ፣
አይናዲስ ይርዳው

ፖስታውን ላሽገው ስል ይህ ደረሰ። አልጋውን በራሴ ስም አውጥቼው ነበር፣ አሁን እንኳ ከልቤ፤ ቀድሞ ለመጣ ልሸጠው። ዛሬ ጠዋት አንድ አዲስ የተቀጠረ መምህር መጣ። ገመዱን በመዳፉ ጫን ጫን አድርጎ አየው፣ ወደደው፣ ያልኩትን ዋጋ ሳይከራከር ብሩን ከኪሱ አወጣ። ተሸጧል አልኩት። ሰውዬው ተናዶ ሪፖርት አደርግሻለሁ ብሎኝ ሄደ። ሰርክአዲስ ይህንንም ልታዘጊው ነው ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው፤ ባንተ ጦስ ሁለተኛ መታገዴ ነው።

ሙቀቱ ጀምሯል። አልጋውን ግቢ አውጥቼዋለሁ።