አባቴ ሆይ፣ በረዶ ረግጫለሁ

ይድረስ በማይራ ሸለቆ ለሚገኙት፣ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፤

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጃፍዎን ያንኳኳ። አባቴ ሆይ፣ ክረምቱን እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ከጋሪው ሲወርዱ የታመመው ወገብዎ ለቀቀዎት ወይስ አሁንም በዘንግ ተደግፈው ነው የሚነሡት? የእናቴ ሳል ተሻላት? የጨው ዓሣው ገበያ ዘንድሮ ቀናዎት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አካሌም ሙሉ ነው። ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ዴልፊና መሆኗን አውቃለሁ። እህቴ ሆይ፣ እባክሽ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ አባታችን እጃቸውን ካነሡ አቁሚ፣ ሲያወርዱ ቀጥዪ።

አባቴ ሆይ፣ አራት ዓመት ሙሉ የጻፍሁልዎ ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን ከጻፍሁት ያስቀረሁት ይበልጣል። ከቤት ስወጣ በእናቴ ፊት ቃል አስገብተውኝ ነበር። «ወጥ ቤት ግባ፣ ድንች ላጥ፣ ሰሐን እጠብ፤ በረዶ ግን እንዳትረግጥ። ወንድምህን ሻፍሬን የበላው ናዳ ሁለተኛ ልጄን አይበላም» ብለውኝ ነበር። ሁለት ክረምት ቃሌን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ክረምት ኦኔዚም የሚባለው የተራራ መሪ ተሸካሚው ታመመበትና ዳቦ እንዳደርስለት ለመነኝ። አንድ ቀን ብቻ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በየጸደዩ ከእርሱ ጋር በረዶ ላይ ነኝ። ይህን ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ምድጃ ውስጥ ከተትኋቸው። አራት ዓመት ብቻ የተማረ ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር ቃል ያጥረዋል፤ ቢያጥረኝም ግን ይህን አራተኛውን አላቃጥለውም።

ሥራችን ይህ ነው። ከከተማ የሚመጡትን እንግዶች አምስት ስድስት ቀን ከአንዱ የተራራ ጎጆ ወደ ሌላው እንወስዳቸዋለን። በእግራችን ረጃጅም የእንጨት መንሸራተቻ እናስራለን፤ ዳገት ስንወጣ ከሥሩ ፀጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ቆዳ እንለጥፍበታለን፣ እንዳያንሸራትተን ይይዘናል። ከተራራው በር፣ በሁለት ጫፎች መካከል ካለው ማለፊያ፣ ስንደርስ ቆዳውን ልጠን በሌላው ወገን እየተንሸራተትን እንወርዳለን። በዚህ አገር ከጫካው በላይ አንቱታ የለም፤ ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ እኔም እርስ በርሳችን «አንተ» ነን። ስለዚህ ኦኔዚምን «እሱ» እያልሁ ብጽፍ ድፍረት አይሁንብኝ፤ ዕድሜው ከእርስዎ ዕድሜ ጋር ይተካከላል።

ይህን ሰው ቢያዩት እንዴት በወደዱት! ንግግሩ ጥቂት፣ ስድቡ ብዙ፣ እጁ እንደ ወይን ግንድ የተቋጠረ ነው። በዳገቱ ላይ መንገድ የሚያወጣው እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ በዱካው ይከተላል። ጉልበታቸውን ሊያሳዩ የሚፈልጉ መሪዎች ቀጥ አድርገው ሽቅብ ይወጣሉ፣ ከኋላ ያለው ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች። የኦኔዚም ዱካ ግን ተራራውን እያባበለ ይሄዳል። የሚታጠፈው ልክ ሰው ትንፋሽ በሚያጥረው ቦታ ነው። የተሰነጠቀው ግግር በረዶ ላይ ሲደርስ በዘንጉ እየወጋ ድምፁን ያዳምጣል። ማን እንደ ደከመ ለማወቅ ወደ ኋላ መዞር አያስፈልገውም፤ ከአተነፋፈሱ ይለየዋል። አንድ ቀን ዶክተር ኢዘሊን የሚባለው የባዝል ከተማ ሐኪም መንገዳገድ ሲጀምር፣ ኦኔዚም ሳይዞር «ዶክተር፣ ሦስተኛው ብርጭቆ ይቅርብህ ብዬህ ነበር፤ አሁን እሱን ነው ተሸክመህ የምትወጣው» አለው። ሐኪሙም «እንግዲያው አንተ ቦርሳዬን ያዝልኝ፣ ወይኑን እኔ እችለዋለሁ» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ኦኔዚም አንድ ልማድ አለው። በየማለዳው ከጎጆው ደጃፍ መንሸራተቻችንን አስረን ስንቆም፣ «ዛሬ አይሆንም የሚል አለ?» ብሎ እያንዳንዱን በስሙ ይጠይቃል። የሚጀምረውም ከትንሹ ሰው ነው፤ ትንሹ የትልቁን ቃል ሰምቶ የራሱን እንዳይውጥ። አንድ ሰው «አይሆንም» ካለ ጉዞው ይቀራል፤ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። ትንሹ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። በየማለዳው፣ ልቤ ባይቀበለውም፣ ፈሪ እንዳልባል ብቻ «ይሆናል» እል ነበር።

ከትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ አምስት ሆነን ተነሣን፤ ኦኔዚምና እኔ፣ ዶክተር ኢዘሊን፣ ከሊዮን የመጣው መሐንዲስ ሙሴ ፐራሾን፣ ማዳም ኦዲል የምትባል አስተማሪም ነበረች። ረቡዕን ነፋሱ ሲነፍስ ዋለ። ሐሙስ ማለዳ ለሻይ የሚቀልጥ በረዶ ላመጣ ባልዲና አካፋ ይዤ ከጎጆው ጀርባ ወጣሁ። አካፋውን ብሰካው በረዶው እንደ ቂጣ ተላቆ ተነሣ። ከሥሩ ያለው እንደ ተወቀጠ ጨው ነው፣ እርስ በርሱ አይያያዝም። አንድ እርምጃ ብጨምር ባዶ ጎተራ ሲመታ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ከውስጡ መጣ። በዚያን ዕለት ልናቋርጠው የነበረው ቁልቁለትም ፊቱ ወደዚያው ወገን ነው፤ በረዶውም ያው ነው ማለት ነው።

ከደጃፉ ቆመን ኦኔዚም «ማኞ?» አለኝ። «ይሆናል» ልል አፌን ከፍቼ «አይሆንም» አልሁ።

ሙሴ ፐራሾን ዘንጉን በረዶው ውስጥ ሰክቶ «ይህ ልጅ እኮ ድንች ሲልጥም ቢላዋውን ይፈራል! እኔ ቅዳሜ ባቡር አለብኝ» ብሎ ጮኸ። ኦኔዚም ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን እየፈታ «ባቡሩ ሰኞም ይሄዳል፤ ባቡር እንዳንተ አይቸኩልም» አለው። ማዳም ኦዲል ደግሞ «ተረከዜ ተልጦ ሳለ ሁለተኛዋ ተጠያቂ እኔ ነበርሁ፤ ‹ይሆናል› ብዬ ልዋሽ ነበር፤ ማኞ፣ ከኃጢአት አዳንኸኝ» አለች። በዚያው ጎጆ ያደረ ባርተሌሚ የሚባል መሪ አምስት እንግዶቹን አሰልፎ ሲያልፍ ነገሩን ሰማ። «ኦኔዚም፣ ከመቼ ወዲህ ነው በወጥ ቤት የምትመራው? ቆይ፣ ከማዶ ሆነን ሾርባ እንልክልሃለን!» አለ። ኦኔዚም «ላከው፤ ብቻ ሰዎችህን አራርቃቸው፣ አንድ በአንድ አሳልፋቸው» ብሎ መለሰለት። ባርተሌሚም ቢስቅም ምክሩን ሰማ።

በነጭ አንሶላ ላይ እንደሚሄድ ቅማል አንድ በአንድ ሲያቋርጡ ከጎጆው ደጃፍ ቆመን አየን። የመጨረሻው ሰው ከተራራው በር ላይ ደርሶ ባርኔጣውን አወለበለበልን። አባቴ ሆይ፣ ናዳው ወረደ ብዬ ብጽፍልዎ ለእኔ ክብር ነበር። አልወረደም፤ ከዚያ ቁልቁለት አንዲት ጭብጥ በረዶ አልተነቃነቀችም። ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ፤ ሰዎቹ መካከሉ ላይ ሳሉ «ምነው አሁን በወረደ» የሚል ሐሳብ በልቤ አለፈ። ከራሴ ደነገጥሁና የማገዶው ክፍል ገብቼ ተሸሸግሁ። ሙሴ ፐራሾን «እንግዲህ በነሱ ዱካ እንሂዳ!» ሲል፣ ኦኔዚምም «ቃል ወጥቷል፤ ተቀመጥና ካርታ ተጫወት» ሲለው እስከዚያ ድረስ ተሰማኝ።

ጥቂት ቆይቶ ኦኔዚም መጥረቢያ ይዞ ገባና እንጨት ይፈልጥ ጀመር። ያባርረኛል ብዬ ያሰብሁት እኔ «ስለ ተሳሳትሁ ይቅር በለኝ» አልሁት። «ማን ተሳሳትህ አለህ? ያልወረደ ናዳ በአንተ አይመሰክርብህም፣ ለባርተሌሚም አይመሰክርለትም» አለኝ። ቀጥሎም «ሠላሳ አንድ ክረምት መርቻለሁ። አይሆንም የተባልሁባቸው ቀናት ስድስት ናቸው፤ በስድስቱም ሾርባ በላንና ተኛን። መባል ሲገባው ማንም አይሆንም ያላለኝ አንድ ቀን ነበረ። የሚስቴን ወንድም የቀበርሁት ያን ጊዜ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ በረዶው እንዳላማረው ለእኅቱ ነግሯት ኖሯል፤ ለእኔ ግን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም» አለ። ከዚያ «በል ያንን ግንድ አቀብለኝ፤ ፊትህ የተቀቀለ ጎመን መስሏል» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

አባቴ ሆይ፣ አሁን የምነግርዎን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዴልፊና፣ እዚህ ላይ ቀስ በዪ። ወንድሜ ሻፍሬ ለመጨረሻ ጊዜ በወጣበት ማለዳ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። እርስዎ ጋሪውን ይዘው ከተራራው በር ማዶ ይጠብቁት ነበር፤ እናቴ ከላሞቹ ዘንድ ነበረች። ጫማውን ሲያስር «ማኞ፣ በረዶው ከሥሩ ባዶ ነው። አንድ ቀን ባድር ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «ታዲያ እደራ» አልሁት። «አብሮኝ የሚሻገር ሦስት ሰው ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ አባባም ማዶ ይጠብቃል፤ የዓሣ ነጋዴው ልጅ ፈራ ልባል?» ብሎ ጸጉሬን አንጨባርሮኝ ወጣ። ይህን የምጽፈው ሸክም ልጨምርብዎ ብዬ አይደለም። እርስዎ አልገፉትም፤ ሦስቱ ሰዎችም አልገፉትም። ብቻ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር እንደሚጠየቅ በሸለቆአችን የሚያውቅ አልነበረምና። እኛ ስምንት ዓመት በረዶውን ስንረግም ኖርን፤ በረዶውስ ለሻፍሬ ነግሮት ነበር።

ዓርብ ነፋሱ ጸጥ አለ። ከበረዶው ሥር ጨው የመሰለውን ነግሬው ነበርና፣ ኦኔዚም ጉድጓድ ቆፍሮ የበረዶውን ድርብርብ አሳየኝና «ጨውህ አሁንም አለ፤ በድንጋዩ ጀርባ እንዞራለን፣ ሦስት ሰዓት ይረዝማል» አለ። ከደጃፉም እንደ ልማዱ ጠየቀኝ፤ «ይሆናል» ስል ልቤም አብሮኝ አለ። ያን ጊዜ እጁን ዘርግቶ «እንግዲያው ፊት ሁን» አለኝ። አባቴ ሆይ፣ ያልተረገጠ በረዶ ላይ የመጀመሪያውን ዱካ ማውጣት ምን እንደሚመስል ልነግርዎ አልችልም። ከኋላዬ የአራት ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ሲያጥር እታጠፋለሁ፣ ሲረዝም እቀጥላለሁ። ከተራራው በር ላይ ደርሰን ስቆም ማዳም ኦዲል ላቧን እየጠረገች «ዳገቱ እስካሁን አልተሰማኝም፤ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብላ ጠየቀች። ኦኔዚም ፒፓውን አውጥቶ ትንባሆ ሞላ። ሙሴ ፐራሾንም «አንተ ድንች ላጭ፣ ና ቸኮላት ውሰድ» ብሎ ከሁሉ የሚበልጠውን ቁራጭ ሰጠኝ። ከዚያ በፀሐይ አንድ ጣት ያህል የለሰለሰው በረዶ ላይ፣ ወፍ ክንፏን ሳታርገበግብ እንደምትወርድ እስከ ጫካው ድረስ ወረድን። ሐኪሙ እንደ ሕፃን እየጮኸ ነበር፤ እኔም ጮህሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ወረቀት አለ። የተራራ መሪዎች ትምህርት በሰኔ ይጀመራል፤ ኦኔዚም ስሜን አቅርቦ ተቀብለውኛል። ሃያ አንድ ዓመት ስላልሞላኝ የአባት ምልክት ይጠይቃል፤ ከታች ባለው መስመር ላይ በቄሳችን በዶን ኮስታንዞ ፊት የሚደረግ ነው። ኦኔዚም ራሱ ሊለምንዎ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ከለከልሁት። እንግዳ ሰው ማሳፈር እንደሚከብድዎ አውቃለሁና፣ በይሉኝታ እንዲፈርሙልኝ አልፈልግም። መልስዎ እስኪደርሰኝ መንሸራተቻዬን ሰቅያለሁ፤ ወጥ ቤት ነኝ። እኔ መሪ መሆን እፈልጋለሁ፤ ከምንም ነገር ይልቅ ይህን እፈልጋለሁ። ሆኖም አይሆንም የሚሉ ከሆነ ወረቀቱን ባዶውን ይመልሱልኝ። ምክንያት አያጽፉ፤ አልጠይቅዎም። በሰኔ ወደ ቤት መጥቼ ጋሪውን ከጎንዎ ሆኜ እገፋለሁ፣ ፊቴም አይጠቁርብዎም።

ለእናቴ ከእግሯ በታች ሆኜ ሰላም እላለሁ፤ ይህ ሁሉ ይነገራት አይነገራት እርስዎ ይወስኑ። ለአክስቴ ካትሊን፣ የላከችልኝ የሱፍ ካልሲ አንድ ክረምት ሙሉ እንዳልተቀደደ ንገሩልኝ። ዴልፊና፣ ድምፅሽ ሳይንቀጠቀጥ እዚህ ከደረስሽ ከእኔ ትበልጫለሽ፤ ሕፃኑን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ። ለሻፍሬም፣ እሑድ ከቅዳሴ ወጥታችሁ በመቃብሩ አጠገብ ስታልፉ፣ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ምርቃትዎን የሚሻ ልጅዎ
ማኞ

አሮላ፣ ከትንሣኤ በኋላ በሁለተኛው ሰኞ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1954