ዳኜ ይቅርታ ያለበት ግጭት

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት
ከእንጦጦ የወረደ አጣና፦ ሁለት ጭነት። የተሸጠ፦ አንድ ተኩል። ወሰን ሰፈር ግንባታ አለ፣ ገበያው ደህና ነው።
ከዚያ ኢንሹራንስ ቢሮ። የጭነት መኪናዬ ውል ኅዳር 20 ያበቃል። ሶስተኛ ወገኑን አይከለክሉኝም፤ ግዴታ ነው፣ ያለሱ ቦሎም የለም። ችግሩ ሙሉ ሽፋኑ ላይ ነው። ሹፌሬ ዳኜ በዓመት ሁለት ግጭት ስላለበት አደጋ የሚያበዛ ተብሏል። ወይ የዓመቱ ክፍያ፣ አረቦኑ፣ በግማሽ ይጨምራል፣ ወይ ሹፌር እቀይራለሁ። መኪናው ደግሞ በባንክ ብድር የተገዛ ነው፤ ባንኩ ያለ ሙሉ ኢንሹራንስ እሺ አይልም። ጭማሪውን ከከፈልኩ ከአጣናው የሚተርፈኝ ላቤ ብቻ ነው።
ማስታወሻዬ፣ አልተናደድኩም። እያሰብኩ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት
ከአያት ሰፈር ሌላ ሹፌር አስመጣሁ። ፋይሉ ንጹሕ። ጭነን ወረድን። ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ረግጦ መጣ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ፍሬኑ ጨሰ። ቆመን አቀዘቀዝን። ዳኜ በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው፤ ፍሬኑን እንደ ጨው በቁንጥር። ሰውየውን የቀኑን ከፍዬ ሸኘሁ። ንጹሕ ፋይል ዳገት ያላየ ማለትም ይሆናል።
ዳኜን ስለ ግጭቶቹ ጠየቅሁት። አንደኛው የራሱ ነው፤ ወሰን ላይ አጥር ገጭቷል፣ አይክድም። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ጡረተኛ፣ እንጦጦ ማርያም አጠገብ፣ ከግቢያቸው በኋላ ማርሽ ሲወጡ የቆመ መኪናችንን ነው የገጩት!
«ታዲያ ጥፋቱ እንዴት ያንተ ሆነ?»
«እትዬ፣ ደንግጠው ነበር። የአባቴ እኩያ ናቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ አባባ አልኳቸው።»
ትራፊኩ የሰማውን ጻፈ። እኛ ይቅርታ የምንለው ነገር ለማብረድ ነው። ኢንሹራንስ ግን እንደ እምነት ቃል ይይዘዋል።

እሑድ፣ ኅዳር 14
ከቅዳሴ በኋላ ከዳኜ ጋር ጋሽ ተፈራ ቤት። መጀመሪያ በሩን ገርበብ አድርገው ብቻ አነጋገሩን። ገባኝ፤ የጥገና ወጪ ፈርተዋል። ቀድሜ ነገርኳቸው፦ የመኪናችን መከላከያ ተጠግኗል፣ ከእርስዎ ሳንቲም አልጠይቅም፣ የሆነውን ብቻ ይናገሩልኝ። ካልሆነ ይህ ሰው ሥራውን ያጣል።
ወደ ዳኜ ዞሩ።
«አንተ፣ አንደበትህ ፍሬን የለውም እንዴ? አፌን ሳልከፍት ጥፋቴን ቀማኸኝ!»
ሳቅን። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናችን ሲያልፍ በሩን ዘግተው እንደሚገቡ ነገሩን። ትራፊክ ጽሕፈት ቤትም፣ ኢንሹራንስም እንደሚመጡ ቃል ሰጡ። ልጆቻቸው መንዳት ይተው እያሉ ይጨቀጭቋቸዋል፤ ይህን ሲሰሙ ይብሳሉ። ይባሱ አሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
ሦስት ጭነት። ሁሉም ተሸጠ።
ትናንት ጉዳዩን ያስረዳኋት የኢንሹራንስ ልጅ ደወለች። ሪፖርቱ ከታረመ የሚቆጠርበት አንድ ግጭት ብቻ ነው፤ አረቦኑ ከአምናው ብዙ አይርቅም። እርግጠኛ አይደለም፣ ግን መንገድ አለው።
ወስኛለሁ፤ ዳኜ ይቆያል። ለሱም ነገርኩት፦ ሰው ቢገጭህ ደግፈው፣ ውኃ ስጠው፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለትራፊኩ ተወው።
«ይቅርታ እትዬ» አለኝ።
ይኸው ደግሞ!
ነገ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ተፈራን ከቤታቸው ወደ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት መውሰድ። ዳኜ ይነዳል፣ እሳቸው ከፊት ይቀመጣሉ። መኪናው ከበራቸው ራቅ ብሎ ይቁም።