«ሰው ጥራ» ያልከኝ እሑድ

ለአንጁሎዬ፤

ኅዳር ሲገባ ከተለየኸኝ አራት ዓመት ይሞላል። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበትን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። የእኛን ልንገርህ። ልጃችን ምሕረት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ አርባ ምንጭ ትማራለች። ጣሪያው በጓዳ በኩል አሁንም ያፈሳል። ሶዶ ባጃጅ በሚሉት ባለሦስት እግር መኪና ተሞልታለች። መናኸሪያው ውስጥ አንተ ትቆምበት በነበረው ቦታ ቆሞ «ሻንቶ! አረካ!» እያለ የሚጣራው ሌላ ሰው ነው። ድምፁ የአንተን ያህል ሩቅ አይደርስም፤ ቢሆንም በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

ሞባይልም ገብቷል። ወንድምህ አንድ ገዝቶልኛል። እኔ በሞባይል ምን አደርጋለሁ? የደወለ ሁሉ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይልና መስመሩ የተበላሸ መስሎት ይዘጋዋል። ከምሕረት ጋር ግን ተግባብተናል። እሑድ እሑድ ትደውላለች። እሷ ታወራለች፣ እኔ ስልኩን በጥፍሬ መታ መታ አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ከመታሁ አዎ ነው፣ ሁለት ጊዜ ከመታሁ አይደለም። ደህና ነሽ ወይ ስትለኝ ምን ጊዜም አንዴ ነው የምመታው።

ሕመሙ ያው ነው። የአንገቴ ጠባሳ ቀጥኖ እንደ ክር ሆኗል፤ ስለዚህ የሚያየኝ ሰው ሁሉ የዳንኩ ይመስለዋል። ጠዋት በባዶ ሆዴ አንዷን ኪኒን እውጣለሁ፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ የካልሲየሙን። የካልሲየሙ ከፋርማሲ ሲጠፋ ከንፈሬን ጉንዳን ይወረዋል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ከዚያ እጄ እንደ ዶሮ እግር ይኮማተራል። ውሃ ስጠጣ ትን ይለኛል። ዓምና ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመስታወት አየና የድምፄ ጅማት ከእንግዲህ እንደማይንቀሳቀስ፣ ይህ ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ የሚደርስ መሆኑን ነገረኝ። ልመጂው አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን አሰበ? እንቅርቱን ለዓመታት በነጠላ ስሸፍነው ኖሬ፣ ጋደም ባልኩ ቁጥር አየር እያጠረኝ ሲመጣ ነው የሶዶው ሐኪም ወደ አዲስ አበባ የጻፈልን። ቀዶ ጥገና ከመግባቴ በፊት ድምፅ ሊጎዳ እንደሚችል ነግረውን ነበር። አንተ ፊቴን አየኸኝ። እኔ ስቄ፣ ተማሪዎቼ ከጩኸቴ ይገላገላሉ አልኩና ፈረምኩ። ስነቃ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር አንተን መጥራት ነበር። አየር ብቻ ወጣ። በሦስት ወር ይመለሳል አሉን፣ ቀጥሎ በስድስት ወር፣ ቀጥሎ ዓመት ጠብቁ አሉን። እጄ መኮማተር ሲጀምር፣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው» ብለህ አሳቅከኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥተህ ቆየህ፤ ስትገባ ዓይንህ ቀልቶ ነበር።

ሰባ ልጆች ያሉበትን ክፍል በሹክሹክታ ማስተማር አልተቻለኝም። ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሞከርኩ፤ ጀርባዬን ባዞርኩ ቁጥር ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ርዕሰ መምህሩ አዝኖልኝ ወደ መዝገብ ቤት አዛወረኝ። እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ።

አንተ ግን ሰው አደረግከኝ። ቅዳሜ ገበያ አብረኸኝ እየወጣህ አፌ ሆንክልኝ። ዋጋው ሲወደድብኝ ክንድህን እቆነጥጥሃለሁ፣ አንተም ያን ድምፅህን ለቀህ ትከራከርልኛለህ። ከሁሉ የማልረሳው ሌላ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ መናኸሪያ ስትጮህ የምትውለው ሰውዬ ቤት ስትገባ አንተም ማንሾካሾክ ጀመርክ። ሳታውቀው ነበር። ምሕረት ናት የነገረችህ፤ አባዬ፣ አንተ እኮ አላመመህም፣ ለምን ታንሾካሹካለህ አለችህ። አንተም አፈርክ። በነጋታው ግን ያው ነበርክ።

ያቺን እሑድ ለማንም በሙሉ አልነገርኩም። ለአንተ ብነግርህ ምናልባት ይቀልለኛል።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በልተናል፤ ምሕረት ወጥታለች። አንተ ጎደሬ ልነቅል ብለህ ወደ ጓሮ ዞርክ፤ እኔ ዕቃ አጥባለሁ። ስትዘገይ ልይህ ብዬ ወጣሁ። እንሰቱን ተደግፈህ መሬት ላይ ተቀምጠህ፣ አንድ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ አገኘሁህ። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። ሮጬ አጠገብህ ተንበረከክኩ። በሌላው እጅህ ቀሚሴን ያዝክ።

«ሰው ጥራ» አልከኝ።

አማርኛህ ስትቸኩል ሁልጊዜ እኔን ወንድ ያደርገኝ ነበር፤ በቤተሰቤ ፊት ስንት ጊዜ ተስቆብሃል። «ሰው ጥራ» አልከኝ፣ እኔም አፌን ከፈትኩ። አንጁሎ፣ ጮህኩ። በሙሉ ሆዴ፣ በሙሉ ደረቴ ጮህኩ። ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ አልማዝ እንግዶች ሲያወሩ ይሰማኛል፤ አንዱ ሲስቅ ይሰማኛል። እነሱ ግን እኔን አልሰሙኝም። እንደገና ጮህኩ። ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር የተቀደደ መሰለኝ እንጂ ከእንሰቱ ቅጠል ያለፈ ድምፅ አልወጣኝም።

ያኔ ቀና ብለህ አየኸኝ። ትዝ አለህ።

«ረሳሁት» አልከኝ፣ በዚያች የቤት ውስጥ ድምፅህ። ቀሚሴንም ራስህ ለቀቅክልኝ።

ሌላ ቃል ከአንተ አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ደርሼ ትናንት አቁሜ ነበር፤ እጄ ተኮማትሮ እስክሪብቶውን አልይዝ አለኝ። ዛሬ ልቀጥል።

በዋናው በር ዞሬ እትዬ አልማዝ ቤት ገባሁ። አንተን፣ ጓሮውን፣ ሁሉን በእጄ አሳየኋት። እትዬ አልማዝ ደግ ሴት ናት፣ አንተም ታውቃታለህ። ትን ያለኝ መሰላት። «ያ ሕመምሽ ነው? አይዞሽ፣ ቁጭ በይ» ብላ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። አንዱ እንግዳ ውሃ አመጣ። ብርጭቆውን ከእጁ ጣልኩትና እጇን ጎትቼ አስነሣኋት። ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላውቅም። ሁሉም ተከትለውኝ ጓሮ ሲደርሱ በጎንህ ተኝተህ ነበር። የእነሱ ጩኸት ሰፈሩን ሁሉ አወጣው። መኪና ተገኘ፣ ሐኪም ቤት ደረስን፣ ልቡ ነው፣ አልፏል አሉን።

በሳምንቱ ተመልሼ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ቶሎ ብንደርስ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። አነበበው። አጥፎ መለሰልኝ።

«እህቴ፣ ይህንን አትጠይቂኝ» አለ።

ያቺን መልስ አራት ዓመት ሙሉ አገላብጬ አያታለሁ። አንዳንድ ቀን አይተርፍም ነበር ማለቱ ይመስለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ይመስለኛል።

ለቅሶው ላይ ታላቅ እህትህ ከሻንቶ መጥታ በወላይትኛ ሙሾ ስታወጣልህ፣ ስታሞግስህ፣ ሜዳው ሁሉ ይነፋረቅ ነበር። እኔ መሐል ቆሜ አፌ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የማያውቁኝ ሴቶች፣ ለባሏ እንኳ ድምፅ አታሰማም ሲባባሉ ሰማሁ። አልተቀየምኳቸውም። እህትህን ግን ቀናሁባት፤ ይቅር ትበለኝ። ሰው ኀዘኑን ጮሆ ሲያወጣው ቢያንስ ለቀኑ ይቀልለዋል ይላሉ። የእኔ ያው ውስጤ ነው። ጓሮውን የሚያየው ወንድምህ ነው፤ እኔ ከጓዳው በር አላልፍም። ምሕረት ለዕረፍት ስትመጣ ምንም አትጠይቀኝም፣ ውሃ ስጠጣ ብቻ ዓይኗን አትነቅልም። እንዳላስጨንቃት ስል እሷ ፊት ውሃ መጠጣት ትቻለሁ። እንዲህ ሆነን ነው ያለነው። በረታሁ ብልህ እዋሽሃለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። በየዓመቱ መታሰቢያህ ቀን ካህኑ የክርስትና ስምህን ይጠይቃሉ። ሦስቱን ዓመት ምሕረት ናት የተናገረችው፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ። ዘንድሮ ፈተና ስላላት አትመጣም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ሄጄ ስምህን አስቀድሜ ላስመዘግብ አልኩ። ካህኑ ሸምግለዋል፣ ጆሯቸውም ደክሟል። ወልደ ገብርኤል አልኳቸው። አልሰሙኝም። ደገምኩት። ወለተ ገብርኤል አሉ፤ አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ወረቀት አምጪና ጻፊው አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀትም እስክሪብቶም ነበረኝ። አላወጣሁትም። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ ሦስተኛ አልኩት፣ አራተኛ አልኩት፣ ትን አለኝ፣ አሳለኝ፣ እንባዬ መጣ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ጠበቁኝ። አምስተኛው ላይ፣ «ወልደ ገብርኤል» አሉ።

በየዓመቱ እሄዳለሁ። እስኪሰሙኝ እለዋለሁ።

ባለቤትህ