«የማውቀው ሰው ድኖበታል» ያልኩሽ ቪዲዮ

ለውድ እህቴ ለእትዬ አስናቀች፦

ጤናሽ እንደምን ነው? ስኳሩስ? እግርሽን የሚያቃጥልሽ ተሻለሽ ወይ? ጋሼ ዓለምሰገድስ፣ ልጆቹስ? እኔና ሳምራዊት አምላክ ይመስገን ደኅና ነን።

ሰላምታዬን ሳልጨርስ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ያን ኪኒን አስትቶ ዱቄት የሚያስጠጣ ቪዲዮ ስልክልሽ «የማውቀው ሰው ድኖበታል» ብዬ ጽፌ ነበር። እንዲያ ያለ ሰው አላውቅም። ቪዲዮው የመጣው በጽዋ ማኅበራችን ግሩፕ ነው፤ ያን መጠርጠር ማኅበርተኛን መጠርጠር መሰለኝ። አንቺ እንድትሰሚኝ ብዬ ቃሏን ከራሴ ጨመርኩ፤ ግሩፑም ላይ ደገምኳት።

የሳምራዊት እንግሊዝኛ አስተማሪ ደግሞ ሰዋስውን ትታ ወሬ ማጣራት ይዛለች። ማን አለው? መቼ? ምን ሊሸጥ? ልጅቱ መርማሪ ሆናብኝ አረፈችው። ነገ ቅዳሴ አለ ስላት «ሶርስህ ማነው አባባ?» ትለኛለች። ሶርሱ አባትሽ ነው ብላት «አባት ብቻውን አይበቃም፣ ቲቸር ብላለች» አለችኝ! እናቷ ብትኖር ይህን ሁሉ ለብቻዬ አልሸከመውም ነበር።

ከቤተሰብ ስልክ መልእክት አምጡ ሲባሉ ያንኑ ቪዲዮ ወሰደችው፤ ለክፍሉም ተረጎመችው። እኔ እስከ መጨረሻው አይቼው አላውቅም፤ ለካ ሰውየው መጨረሻ ላይ የዱቄቱን ዋጋ ይናገራል። ልጆቹ ሲፈልጉ ያው «ሐኪም ነኝ» ባይ ሰውዬ በሌላ ቪዲዮ የፀጉር ቅባት ሲሸጥ አገኙት። ማታ መጥታ «የዳነው ሰው ስሙ ማነው?» አለችኝ።

ደውዬ ኪኒንሽን ዋጪ ስልሽ አንቺ ደግሞ «የፊቱን ልመን የአሁኑን? ማኅበርተኞችህስ እያመኑበት አይደል?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ኧረ በወላዲቷ! የአሁኑን እመኚ! ዱቄቱን ድፊው፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ስኳርሽን አስለኪ። ሰው በወንድሙ ውሸት ይሞታል እንዴ?

የጋሼ ዓለምሰገድን ጉልበት ስሜያለሁ በይልኝ፤ ይህንም እሱ ያንብብልሽ። ጤና ጣቢያ አልሄድም ካልሽ ልጅሽ ዘርይሁን ጎትቶ ይውሰድሽ። ትንሿን እታገኘሁን ሳሚልኝ። ሳምራዊትም ናፍቃችኋለች።

ይህን ጠዋት ጽፌ ሳልዘጋው ወደ ጽዋው ሄድኩ። የዛሬው ተራ የወይዘሮ ኤልሳቤት ነው፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ቤታቸው። ጽዋው ሲደርሰኝ ሳልቀምስ ቆምኩና የዳነ ሰው እንደሌለ፣ ቃሉን የፈጠርኩትም እኔ እንደሆንኩ በሁሉም ፊት ተናገርኩ።

ወንድምሽ ፊሊጶስ
ኢምባካሲ፣ ናይሮቢ
ኅዳር ፳፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.