የአባባን ምንሽር ስንፈታ

ሐምሌ 3 ቀን 1988

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ሾላ ገበያ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ፣ በቃ። የተማሪ ልብስ አሰፊዎች ጳጉሜን ጠብቀው በአንድ ቀን ይወሩኛል፣ አውቃቸዋለሁ።

ቤት ስገባ አባባ ገርጂ ወዳለው የሌሊት ጥበቃቸው ገና አልወጡም። ምንሽራቸውን ምንጣፉ ላይ አጋድመው ሰደፉን በጨርቅ ያሻሉ። እንደ ሁልጊዜው። መጥረጊያ ይዤ ልሻገረው እግሬን ሳነሳ...

«አንቺ ልጅ! ዙሪ።»

ሴት ልጅ ጠመንጃ አትሻገርም። አያቴ ባቲ የተዉት ደንብ ነው... እዚያው እንኳ አልቀረም፣ አባባ ከጠመንጃው ጋር አዲስ አበባ ይዘውት ገቡ። ብትሻገረውስ? በልጅነቴ ጠይቄያቸው «ይከሽፋል» ብለውኛል። ወንድሜ ኻሊድ ግን ስንቴ ዘልሎታል። እሱ ሲዘለው አይከሽፍም? ዞርኩ።

ነገሩ ብረት ብቻ አይደለም። የገርጂው እህል መጋዘን ጥበቃ አድርጎ የቀጠራቸው የራሳቸው መሣሪያ፣ ያውም ፈቃድ ያለው፣ ስላላቸው ነው። ከሳቸው በኋላ ለኻሊድ ነው። ኻሊድ ደግሞ የአሰብ መስመር ሹፌር። በመጣ ቁጥር «ሽጡትና ፍሪጅ ግዙበት» ይላል።

ሐምሌ 9

ጠዋት አንድ ነገር አየሁ። አባባ በራፉ ላይ ቆመው ማቀባበያውን፣ ያን ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት፣ ይስባሉ። አልሄደም። ጥርሳቸውን ነክሰው ደገሙ። አልሄደም። ሲያዩኝ በጋቢያቸው ሸፈኑት።

«ምን ታያለሽ? ሻይ አፍልተሻል?»

ሻዩን በግራ እጃቸው ጠጡ። አባባ! «በግራ የሚጠጣ ሸይጧን ነው» ብለው ያሳደጉን ሰውዬ። ምን ሆነዋል?

ሐምሌ 13

ዋቅጅራ ሱቄ ድረስ መጣ። ከአባባ ጋር መጋዘኑን የሚጠብቀው፣ የቀድሞው ጦር ወታደር። የተቀደደ ኮት ይዟል፣ ግን ለኮቱ እንዳልመጣ ገባኝ።

«ጋሼ ኢስሐቅ ነግረውሻል?»

«ምኑን?»

አዲስ የጥበቃ ኃላፊ መጥቷል አለ። ገረመው የሚባል። ነሐሴ ላይ ጥበቃ ሁሉ እሱ ፊት መሣሪያውን ይፈታል፣ ያጸዳል፣ መልሶ ይገጥማል። ያልቻለ ይሰናበታል።

«እሳቸው ደግሞ ሰሞኑን እጃቸው... እንግዲህ ጌታ ያውቃል። እኔ አልነገርኩሽም፣ እሺ?»

ኮቱን በነጻ ሰፋሁለት።

ሐምሌ 14

ጠየቅኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም፣ እሱ ነው የባሰው።

«እጄ ከዳኝ ኑርዬ። ጠዋት ጠዋት አይታዘዘኝም። የልጅ አለቃ ፊት ከምዋረድ ሸጬው ባቲ እገባለሁ። የወንድሜ ቤት ባዶውን ነው።»

ባቲ? ብቻቸውን? እናቴ ከሞተች ወዲህ ራት ያለ እኔ በልተው አያውቁም... እኔስ ያለሳቸው በልቼ አውቃለሁ? ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር ማንም አልጠየቀኝም።

አንድ ነገር ግን ቆረቆረኝ። «ጠዋት ጠዋት» ለምን? ከሰዓት በኋላ ይታዘዛቸዋል ማለት ነው? እጅ ሰዓት እየመረጠ ይደክማል እንዴ?

ሐምሌ 16

ዋቅጅራን ያዝኩት። «እንዴት ነው የሚፈታው? ንገረኝ።» ሳቀብኝ። ከዚያ እኔ ጨርቅ ላይ የማሰምርበትን የደረቀ ሳሙና ተቀብሎ ጥቁር ቁራጭ ላይ ሳለልኝ። ውስጡ መርፌ አለው! ጥይቱን ከኋላ የሚመታው እሱ ነው። በመርፌው ዙሪያ ሞላ ተጠምጥሟል። የኔ ሲንጀርም መርፌና ሞላ ነው። ሰላሳ ዓመት ልሞላ ነው፣ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነገር ውስጡ ምን እንዳለ ዛሬ ገና አወቅኩ።

የነገረኝን እንዳልረሳው... መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን ማረጋገጥ። «ዓይንሽን አትመኚ፣ ጣትሽን ክተቺ።» ያወጡትን ባወጡበት ተራ መደርደር፣ ሲመልሱ ከመጨረሻው መጀመር። እምቢ ያለን ነገር አለመደብደብ፤ እምቢ ካለ ተራው አይደለም ማለት ነው።

«ሞላው ግን ጌታ ይገሥጸው። ከለቀቅሽው ይዘልላል። አስመራ መንገድ ላይ የአንዱ ጓደኛችን ሞላ ሣር ውስጥ ገብቶ ጓዱ ሁሉ በእምብርክክ ሲፈልግ ዋለ።»

ሐምሌ 22

ትናንት መውሊድ ነበር። ከታረደው በግ አባባ ሞራውን በወረቀት ጠቅልለው አመጡ። ምድጃ ዳር አቅልጠው በጨርቅ እያነከሩ ምንሽሩን ቀቡት። በየቀዳዳው፣ በየስንጥቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነገር። ቤቱ የመውሊድ ሽታ የሚሸተኝም በዚሁ ነው።

«ለምን በሞራ?»

«አባቴ በሞራ ነበር። የባቲ ሰው በሙሉ በሞራ ነው።» ጨርቁን አፍንጫቸው አጠገብ አቆዩት። «ይሄን ሳሸት አባቴ አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል።»

ሐምሌ 23

አገኘሁት! አገኘሁት መሰለኝ...

ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሞራ የቀለጠበትን ድስት ላጥብ ባነሳ እንደ ሻማ ነጥቶ ረግቷል። በማንኪያ ፋቅኩት፣ እምቢ። ያኔ ፈትያ ትዝ አለችኝ፣ ገበያ ጎኔ የምትሰፋው። አምና ዘይት አልቆባት የስፌት መኪናዋን ቅቤ ቀባችው። ጠዋት ጠዋት አልዞር ይላታል፣ ፀሐይ ሲወጣ እንደ ሰው ይታዘዛል። «ቡዳ በላብኝ» ስትል ከረመች።

ባቲ ቢሆን ይሄ ድስት ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ባቲ መቼ ይበርዳል? እዚህ ግን ክረምት ነው፣ አባባ ሌሊቱን ሙሉ ገርጂ ሜዳ ላይ ናቸው።

እጃቸው አይደለም። ሞራው ነው። የስንት ዓመት ሞራ እዚያ ውስጥ ተጋግሯል!

እንዴት ነው የምነግራቸው ግን? «አባትዎ ተሳስተዋል» ልበላቸው? ምላሴ ይቆረጥ።

ሐምሌ 26

ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሦስቴም ስለ ዝናብ አወራሁ። በመጨረሻ ድስቱን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«አባባ፣ አያቴ ለባቲ ልክ ነበሩ። እዚህ መጥተው ይህን ብርድ ቢያዩ ኖሮስ... እሳቸውም ይቀይሩ አልነበር?»

ድስቱን አዩት። በጣታቸው ነካኩት። ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«እሳቸው ብርድ አያውቁም» አሉ።

ይህ እሺ ነው ወይስ እምቢ?

ሐምሌ 28

እሺ ነበር። ዛሬ እሑድ፣ ፈታነው!

ጥይቱን አውጥተው መጋረጃ ጀርባ ያለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ጣታቸውን ከተቱ። እኔም ልክተት አልኩ፣ ገላመጡኝና እሺ አሉ። ሰፌድ ጭናቸው ላይ አደረግን፣ የወደቀ እንዳይጠፋ። የኔ ዘዴ ነው፣ ይጻፍልኝ! ለሞላውም ፌስታል አመጣሁ። ሁለት እጃቸውን ፌስታሉ ውስጥ ከተው ሲያላቅቁት ዘለለ፣ ፌስታሉን ቷ አድርጎ መታው፣ እዚያው ቀረ። አባባ እንደ ልጅ ሳቁ። እያንዳንዱ ሲወጣ ወደ ላይ የሚያየውን ጎኑን በሳሙናዬ አሰመርኩበት፣ እንዳይገለበጥ።

ውስጡ! ቢጫ ሞራ፣ እንደ አይብ የሚቆረስ። ላምባ ውስጥ ዘፍዝፈን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈግን። እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች ብረትም ተገኘች። «ይቺ ነበረች እንዴ?» ይላሉ ባለቤትየው።

ከዚያ እኔ ጉድ ሠራሁ። ሁሉን አጥበን፣ አድርቀን፣ ሰፌዱ ላይ በተራ ደርድረናል። ወደ ብርሃን ልውሰደው ብዬ ብድግ ሳደርገው... እጄ በራሱ ጊዜ አበጠረው። እንደ ምስር! እፍም ልለው ትንሽ ነው የቀረኝ። ተራው ሁሉ ተደባለቀ። የሳሙናው ምልክት ደግሞ በላምባው ታጥቧል። አባባ አንዴ ሰፌዱን፣ አንዴ እኔን።

«ድንጋዩን ለቀምሽ?» አሉኝ።

ልቅሶም ሳቅም መጣብኝ። ከሰዓቱ ሁሉ በዚያ አለቀ። ግን እንዲያውም ጥሩ ሆነ። ብረቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጥኩ አየኋቸው። የሚነካካው ቦታ በዕድሜ ብዛት አብረቅርቋል፣ የማይነካው ጠቁሯል። የዚህ አብረቅራቂ ጎን ከየትኛው አብረቅራቂ ጎን ጋር ሲተሻሽ ኖረ? እንደዚያ እያሰብን አጋጠምናቸው። እምቢ ሲል አልደበደብንም፣ ሌላ ሞከርን። ሞላውን ለመጫን የሳቸው ጉልበት፣ ያቺን ቀጭን ብረት ለማስገባት የኔ ጣት። መቼ ጠመንጃ መንካቴን እንደረሱት አላውቅም። እኔም አላስታወስኳቸው።

በየመገጣጠሚያው አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። ትርፉን በጨርቅ ጠረግን።

ሲመሽ ጨርቁን አሸተቱት። «ሽታው ሄደ» አሉ ቀስ ብለው። እኔ ነኝ ያስኬድኩት።

ሐምሌ 29

ዝናብ፣ ጉም፣ ብርድ። ከሥራ ሲገቡ በራፉ ላይ ጠበቅኳቸው። በቀኝ እጃቸው ሳቡት። ቀጭ! መለሱት። ቀጭ!

«ሱብሐነላህ... እጄ ነው መስሎኝ እኮ።» እጃቸውን ገልብጠው አዩት፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ ሰው። «ስንት ቀን ሙሉ ይሄን እጅ ረገምኩት።»

ሻዩን በቀኝ ጠጡ።

ነሐሴ 4

በየቀኑ መፍታት፣ መግጠም። ዓይን ጨፍነው ይሞክራሉ። ቀጭኗ ብረት ላይ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፤ እጅ እርጅናውን ሙሉ በሙሉ አልተወም። መርፌ የምለቅምበትን ማግኔት ሰጠኋቸው። ብረቷ ተለጥፋ ቀጥ ብላ ገባች። «ይሄንም ከኔ ደብቀሽው ኖረሻል!»

ነሐሴ 11

ዛሬ ነበር ፈተናው። ጨርቅ ስቆርጥ አንድ እጅጌ አበላሸሁ። ከሰዓት ዋቅጅራ እየሳቀ መጣ።

አባባ ሰፌድ በብብታቸው ይዘው ገቡ አለ። ጥበቃ ሁሉ ሳቀ። «ጋሼ፣ ሽሮ ሊያስፈጩ ነው?» አባባ ተቀመጡ፣ ፌስታላቸውን ከኪስ አወጡ፣ ሳቁ ባሰ። ከሳቸው በፊት የነበረው ሰውዬ ሞላውን ለቀቀው፣ ጭቃው ውስጥ ገባ። ሁሉም በእምብርክክ! ኃላፊው ራሱ ሳይቀር። አባባ በዚያ መሃል ፈተው፣ ጠርገው፣ ገጥመው ጨረሱ። ከዚያ ማግኔቴን አውጥተው የሰውየውን ሞላ ከጭቃው ፈለጉለት።

«ገረመው ደስ አለው» አለ ዋቅጅራ። «‹የትኛው ጦር ውስጥ ነው የሠለጠኑት?› ብሎ ጠየቃቸው።»

«ምን አሉ?»

«‹ልጄ ናት ያሠለጠነችኝ። ሾላ ገበያ ልብስ ትሰፋለች› አሉ። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ለመቀስ ጎንበስ አልኩ። መቀሱ እጄ ላይ ነበር።

ነሐሴ 15

ኻሊድ ከአሰብ ገባ። ቴምር አመጣልን። ስለ ፈተናው ስነግረው በጣም ሳቀ፣ ከዚያ ያው... «አባባ፣ አሁን እንዲህ ከጸዳ ጥሩ ያወጣል። ለኔ ብለው ከሆነ የሚያስቀምጡት አያስፈልገኝም፣ ወላሂ። መኪና ውስጥ ነው የምኖረው።»

አባባ ቴምር ሲበሉ ቆዩ። ከፋቸው? ፊታቸው የከፋው ሰው አይመስልም። ምን እያሰቡ ይሆን?

ነሐሴ 19

እሑድ። ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሰጠ።

አባባ የቀረውን ሞራ አቅልጠው ማንገቻውን፣ ቆዳውን፣ ሲያሹ አገኘኋቸው። ብረቱን አልነኩትም። ቆዳው ለስልሷል። ቤቱ መልሶ ያያቴን ሽታ ሸተተ። ያንን በራሳቸው ነው ያሰቡት፣ እኔ አልነገርኳቸውም። ደስ አለኝ። ሽታውን አባርሬባቸው ነበር እኮ።

ጨርሰው ምንሽሩን ምንጣፉ ላይ አጋደሙት። መጥረጊያ ይዤ ገባሁ። እንደለመድኩት በግድግዳው በኩል ልዞር ስል...

«ምን ያዞርሻል?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። ሙስበሓቸውን፣ ያን የጸሎት መቁጠሪያ፣ እየቆጠሩ ነው። «የራስሽ አይደለም?»

ቆምኩ። በትክክል ሰምቻለሁ? ላስደግማቸው ፈራሁ። እሳቸውም አልደገሙም፣ ሙስበሓው በቀኝ እጃቸው መዞሩን ቀጠለ።

አልዞርኩም። አልተሻገርኩትምም። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፣ ሥሩን ጠረግኩ፣ መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት።